በመንዝ ደጋ ላይ ያለች ደሴት

በቤታችን አንድ ልጅ አለ። ዕድሜው ገና ዐሥር ዓመት ሳለ አንድ ቀን ማታ በሞቃት ባሕር መካከል ያለች የለመለመች ደሴት ሥዕል ይዞ መጣና፥ ሰዎች ዐይናቸውን በመስተዋት ሸፍነው፥ በአፋቸው ቀጭን ቧንቧ ነክሰው፥ ፊታቸውን ወደ ውኃው ደፍተው ዓሣ ሲመለከቱ አሳየን። ቀጥሎም «አባባ፥ እንዲህ ያለ ቦታ እኛም ዘንድ አለን?» ብሎ ጠየቀ። እናቱ ከእኔ ቀድማ «የእኛ አገር ባሕር የለውም፤ ይልቅስ እራትህን ብላ» አለችው። መልሷ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ሙሉ መልስ እንዳልነበረ ኋላ ተረዳሁ።

ስለነዚያ ደሴቶች ጥቂት ባነብ ዋነኛው ነገር መዋኘቱ አልሆነብኝም፤ ጥበቃው ነው። በኤኳዶር ግዛት ያሉትን የጋላፓጎስን ደሴቶች እንመልከት። እነዚህ ደሴቶች በ1951 ዓ.ም ብሔራዊ ፓርክ ተብለው ተከለሉ። ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ከተፈቀደለት መንገድ አይወጣም፤ ያለ መሪ አይራመድም፤ ወደ እንስሳቱም ከ2 ሜትር ይልቅ መቅረብ አይፈቀድለትም፤ ድንጋይ ቢሆን ወይም ዛጎል በኪሱ ይዞ አይመለስም። ይህን ያህል የሚጠነቀቁበት ምክንያት ግልጥ ነው። ደሴት ማለት ጎረቤት የሌለው ቤት ነው፤ በዚያ የሚኖር ፍጥረት አንድ ጊዜ የጠፋ እንደ ሆነ ከማዶ ተሻግሮ የሚተካው የለም።

እንግዲህ በዚህ አኳኋን ከታየ፥ ደሴት ለመሆን የግድ ውኃ አያስፈልግም። የተፈጥሮ ሊቃውንት እጅግ ከፍ ያሉትን ቀዝቃዛ ተራሮች «የሰማይ ደሴቶች» ይሏቸዋል። ቆላውና ወይና ደጋው፥ እርሻውና መንደሩ እንደ ባሕር ይከቧቸዋልና፤ በብርድ ላይ የለመደው አውሬና ተክልም ወደ ታች ወርዶ ወደ ሌላው ተራራ መሻገር አይችልም። ከእነዚህ አንዲቱ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ ጓሳ የምትባለው ናት። ስፋቷ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ልጁን፥ እናቱንና ታላቅ እኅቱን ይዤ በ2011 ዓ.ም፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፥ ወደዚያች ደሴት ሄድን።

ጉዞው ከደብረ ብርሃን ይጀመራል። ከተማዪቱን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ቈረቈሯትና ስሟም በዚያ በታየ ብርሃን ምክንያት እንደ ተሰጣት ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያሻም። ብርዷንም ያደረባት ሁሉ ያውቀዋል። ከደብረ ብርሃን የደሴን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ፥ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ካወጡት ዋሻ አጠገብ፥ ዋናውን ጎዳና ትቶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የገደሉን አፋፍ እየተከተለ ይሄዳል፤ በስተቀኝ በኩል ደመናው ከእግር በታች ተኝቶ የቆላውን አገር ይሸፍናል፤ በስተግራ የገብስ ማሳና በድንጋይ የተካበ የመንዝ ቤት ይታያል። ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

የደረስንበትን ሰዓት ማንም ሳይነግረን ዐወቅነው። ማሳው በድንገት ቆመ። እስከዚያ ድረስ መሬቱ ሁሉ ታርሶ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዐይን እስከሚደርስ ድረስ ጕብ ጕብ ያለ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ረጅም ሣር ብቻ ሆነ። ልጁ «ባሕሩ ዳር ደረስን ማለት ነው?» አለ። ተገልብጦ ነው እንጂ ልክ ነበረ፤ ባሕሩን ጨርሰን ደሴቲቱን መርገጣችን ነበር።

ይህ ሣር ጓሳ ይባላል፤ አገሪቱም ስሟን ያገኘችው ከእርሱ ነው። ለመንዝ ሰው የጓሳ ሣር ምን እንደ ሆነ ካልተረዳን የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ አይገባንም። የቤቱ ክዳን እርሱ ነው፤ ገመዱም ከእርሱ ይገመዳል፤ እረኛው በክረምት ዝናም የሚለብሰው ገሳም ከእርሱ ይሠራል። በድርቅ ዘመን ሌላው መስክ ሲነድ ለከብቱ የሚተርፈው ግጦሽ ይኸው ነው። ከዚህም በላይ ይህ ሣር እንደ ስፖንጅ ሆኖ ዝናሙንና ጉሙን ስለሚይዝ፥ ከጓሳ ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ግማሾቹ ወደ ምዕራብ ወርደው ከዓባይ፥ ግማሾቹም ወደ ምሥራቅ ወርደው ከአዋሽ ይቀላቀላሉ።

በማግሥቱ ማለዳ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ሳለ ወጣን። መሪያችን ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፥ በካፖርታቸው ላይ ጋቢ የደረቡ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ፤ ከጠባቂዎቹም አንዱ ናቸው። እርምጃቸው ቀስ ያለ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሦስት ጊዜ ዐረፍን፤ እርሳቸው አንድ ጊዜም አላረፉም። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከከተማ የመጣ ሰው ቶሎ ያለከልካል፤ ሴት ልጃችንንም ራስ ምታት ይዟት ስለ ነበረ በበቅሎ አስቀመጥናት። (በቅሎ መከራየትን እንደ ስንፍና የሚቈጥር ሰው ካለ ከእኛ ይማር።)

መጀመሪያ ያየነው ጅብራውን ነው። ጅብራ ከሣሩ መካከል እንደ ዓምድ ብቻውን የሚቆም ተክል ነው፤ ብዙ ዓመት በቅጠል ብቻ ይኖርና በመጨረሻ አንድ ረጅም አበባ ወደ ላይ ይሰድዳል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላም ይሞታል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያብበው። ስለዚህ ያበበውን ጅብራ ለመዝናናት የሚቆርጥ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ በአንድ ደቂቃ ያጠፋል።

ከዚያ ጭላዳዎቹ መጡ። ሌሊቱን ከገደሉ ወሽመጥ ተጠግተው አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። አውራው ጭላዳ እንደ ካባ ትከሻው ላይ የወደቀ ጠጕር አለው፤ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት ይታያል። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እርሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያም በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። መሬት ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ሣሩን እየነጩ፥ እየተንፏቀቁ ወደ ፊት ሲሄዱ ብታዩአቸው ሽምብራ የሚለቅሙ ሴቶች ይመስሏችኋል። እርስ በርሳቸው ያጕረመርማሉ፤ ይመልሳሉ፤ ይቈጣሉ፤ ይታረቃሉ። ወደ እኛ ከመጤፍ አልቈጠሩንም። መሪያችን ልጁን በትከሻው ይዘው «እዚህ ላይ ቁም፤ እነርሱ ይምጡ እንጂ አንተ አትሂድ» አሉት፤ የጋላፓጎስን ሕግ ያነበቡ ይመስል ነበር።

ሦስተኛው እንግዳ ለብዙ ሰው የማይታይ ነው። ከጭላዳዎቹ መካከል አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀይ ቀበሮ ነበረ፤ እግረ ረጅም፥ ጕሮሮው ነጭ፥ ጅራቱ ጥቁር። በዓለም ሁሉ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ የሚገኙትም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ሆኖ፥ ብዙዎቹ በባሌ፥ የቀሩትም በሰሜን፥ በወሎ፥ በአርሲና በዚህ በመንዝ ናቸው። እኔን ያስደነቀኝ ጭላዳዎቹ አለመሸሻቸው ነው። ግልገሎቻቸው በአፍንጫው ሥር ሲጫወቱ ቀበሮው ዘወር ብሎ አያያቸውም፤ እርሱ የሚፈልገው አይጥ ነው። በጓሳ የሠሩ ተመራማሪዎች በ2007 ዓ.ም ባወጡት ጥናት፥ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ እንደሚሳካለት፥ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ እንደሚሳካለት አስረድተዋል። ግልገል ጭላዳ ቢነካ ይህን ጥቅም እንደሚያጣ ያወቀ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ያቈየልን ማን ነው? ከዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚመጣው።

እንደ አገሩ ሰዎች አነጋገር፥ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጓሳን የያዙት አጽቦና ጌራ የሚባሉ የሁለት አቅኚ አባቶች ዘሮች ናቸው። እነርሱም መሬቱን እንደ ርስት ቈጥረው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። (ዛሬ ይህ ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ በመንዝ ግን የሣር ጥበቃ ሥርዓት ስም ነው።) ተጠቃሚዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ አባ ቄራ ይባላል። እርሱም ተራ እያወጣ ዐቅም ያለውን አባወራ ሁሉ ለጥበቃ ያሰማራል። ሣሩ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማጭድ አይገባም፤ ከብት አይሰማራም፤ እንጨት አይለቀምም። ሕጉን ለጣሰ ሰው፥ ጎጆውን እስከ ማቃጠል የሚደርስ ቅጣት እንደ ነበረ ይተርካሉ።

የሆነ ሆኖ ከቅጣቱ ሁሉ ይልቅ የሚፈራው ሌላ ነበረ። ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ደብር ነበራቸው፤ የአጽቦ ፍርኩታ ኪዳነ ምሕረት ስትሆን፥ የጌራ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር ነው። ጓሳ እንዲዘጋ የተስማሙ እንደ ሆነ ታቦቱ ይወጣል፤ ሕዝቡም ይቆማል፤ በታቦቱ ፊት አለቆቹና ሽማግሌዎቹ ይህን የጋራ ሀብት በስውር የሚያጠፋውን ሰው ይገዝታሉ። በጨለማ ሣር የሚያጭድ ሰው የአባ ቄራን ዘብ ሊያመልጥ ይችላል፤ ግዝቱ ግን ቤቱ ድረስ አብሮት ይገባል። የመክፈቻውም ቀን እንዲሁ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ብዙ ጊዜ በበጋው እኩሌታ፥ በየካቲትና በመጋቢት፥ ይከፈትና መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲጀምር፥ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ገደማ፥ ሰውም ከብትም ወጥቶ መሬቱ ዳግመኛ ለዘብ ይተዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ያ ሥርዓት ለሁሉ እኩል አልነበረም። ከአቅኚ አባቶቹ ዘር ያልተወለደ ሰው በአጠገቡ እየኖረ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ስለዚህ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ርስቱም ቄሮውም አብረው ሲቀሩ፥ እስከዚያ ድረስ የተከለከለው ሰው ማጭዱን ይዞ ቢሮጥ ማን ይፈርድበታል? የቀድሞዎቹ ባለ ርስቶችም «እኛ ያቈየነውን ሌላው ሲጨርሰው ቆመን እናያለንን?» ብለው አብረው ገቡ። መሬቱ ከዳር ዳር መታረስ ጀመረ፤ ሣሩም ሳያድግ ይታጨድ ነበር።

በኋላ ግን ያው ሕዝብ ተመልሶ ተሰበሰበ። በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች እንደ ዕድር ያለ ማኅበር አቋቁመው፥ በዘር ሐረግ ሳይሆን በመኖሪያ ድርሻ እየሰጡ፥ የመዝጋቱንና የመክፈቱን ልማድ እንደ ገና አስነሡት። በ2000ዎቹ ዓመታትም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። እኛ ያደርንበትንም ማረፊያ በዚያን ጊዜ የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ራሱ ነበረ፤ ለመሪ፥ ለበቅሎና ለመኝታ የከፈልነውም ለእነርሱ ነው።

መሪያችንን «አባቴ፥ ዛሬስ ሰው ይታዘዛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አብዛኛው ይታዘዛል» አሉኝ። «የማይታዘዘው ደሀው ነው። ምድጃው ባዶ የሆነ ሰው አስታ ሊለቅም በሌሊት ይመጣል። እይዘዋለሁ፤ ግን ልጆቹን ዐውቃቸዋለሁ። እስኪ አንቱ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም፤ እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ አንድ መንደር እያሳዩ «እኔስ ከሰው ይልቅ ውሻው ያሰጋኛል» አሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይሻገራል፤ በባሌ ይህ በሽታ በየጊዜው እየተነሣ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። በጓሳ ያሉት በጥቂት ዐሥሮች የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለልጆች ጤና ብቻ ሳይሆን ለቀበሮውም ጥበቃ መሆኑን በደጋ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ቢያስቡበት መልካም ነው።

በዚህ መካከል ነው ልጃችን ያጠፋው። ከኋላ ቀርቶ አንድ ጭብጥ የጓሳ ሣር ነጭቶ ለእኅቱ ጅራፍ ሊገምድላት ተቀምጧል። ሽማግሌው ተመልሰው አጠገቡ ቆሙ፤ አልተቈጡም። «ልጄ፥ ገና አልተከፈተም» አሉት። ልጁ የሚያደርገው ጠፍቶት ሣሩን ዘረጋላቸው። ተቀበሉትና ከነጨው ጕብ ሥር አጐንብሰው አስቀመጡት። እኔ አንድ ጭብጥ ሣር ምን ይጐዳል ብዬ ላሳብብለት ነበር፤ ወዲያው ግን ሌሊት የሚመጣውም ሰው ያው እንደሚል ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

ወደ ሰሜን ሸዋ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ጓሳን ብቻ ሳይሆን አንኮበርንም ቢያይ አይጸጸትም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለች የቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ናት። በገደሏ ዳር የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ስሟም በከተማዪቱ ተሰይሟል፤ ሊቃውንት ያወቋት በ1970 ዓ.ም ገደማ ሲሆን፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ከአንኮበር አጠገብ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጥዱና ዝግባው ገደሉን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት የጥዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ነው የሚል ትውፊት አለ። እንግዲህ አንዱ ደሴት ሌላውን ወልዷል ማለት ነው።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። የእኛ ጉዞ በ2011 ዓ.ም የተደረገ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አስጊ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ማንም ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ ከመነሣቱ አስቀድሞ በደብረ ብርሃን የሚያውቀውን ሰው ስለ መንገዱ ሰላም ይጠይቅ፤ አያስተማምንም ከተባለ ይቈይ። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወራት ደረቅ ስለ ሆነ ለእግር ጉዞ ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም ብርድ ልብስና የሱፍ ቆብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አትራመዱ። ለጭላዳ ምግብ አትወርውሩ፤ የሰው እንጀራ የለመደ ጭላዳ ወደ ማሳ ይወርዳልና። ስንቅ ሲያዝ ረቡዕና ዓርብ አይረሳ፤ እኛ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘን በጣም ተጠቅመንበታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው ልጁን ጠርተው በእጁ አንድ ነገር አኖሩለት። ከጓሳ ሣር የተገመደ አጭር ገመድ ነበረ፤ ባለፈው መክፈቻ ከታጨደው፥ ከራሳቸው ድርሻ የሠሩት ነው። «ሲከፈት ተመልሰህ ና» አሉት። «አህዮቹ ሣር ተጭነው ሲወርዱ ጆሯቸው ብቻ ነው የሚታየው።» ልጁ መቼ እንደሚከፈት ጠየቃቸው። «ሣሩ ሲደርስ፤ እኛም ስንስማማ» አሉትና የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ወደ ጥበቃቸው ተመለሱ።